ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ጎማ

ሚያዝያ 5፣ 2017፣ እሑድ

ካራቫኗን አጠብን። አጠብን ስል እኔ ተጎንብሼ ፈተግኩ፣ አባ ዱካው ላይ ተቀምጦ «እዚያ ጋ ቀርቷል» እያለ አዘዘ። አረፋ ገና ወር ከምናምን ይቀረዋል፤ የዘንድሮ ችኮላው ግን ለብቻው ነው።

የምትቆመው እዚሁ አቃቂ፣ ጎረቤታችን አባባ ቢቂላ ግቢ ውስጥ ነው፤ በእኛ በር አትገባም። አባ በያጅ ሆኖ የኖረበት የመንገድ ሥራ ድርጅት ካምፑን ነቅሎ ሲሄድ ከአሮጌ ብረት መሃል መርጦ ያመጣት ናት። ሁለት ጠባብ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ እማ ከመሞቷ በፊት የሰፋችው መጋረጃ። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብላ ትቆማለች። አረፋ ሲደርስ ወንድሜ ነቢል ፒክአፑ ላይ ይቀጥላትና ከወራቤ አለፍ ብሎ ወዳለው የአባ አገር እንወርዳለን። በአረፋ ከአዲስ አበባ የማይገባ ዘመድ ስለሌለ አጎቴ ቤት እግር መዘርጊያ አይገኝም። እኛ ግን ቤታችንን ጎትተን ነው የምንደርሰው። የአጎቴ ልጆች «ቀንድ አውጣዎቹ መጡ» ይሉናል።

ጎማዎቹን አባ ራሱ ነው የዛሬ አራት ዓመት ከአንድ የጨረታ ግቢ ገዝቶ ያሰረላት። በዓመት አንዴ ስለምትሄድ ጥርሳቸው እንዳለ ነው። ዓይኑ ስለደከመ ጎናቸው ላይ ያለውን ቁጥር እንዳነብለት ጠራኝ።

«አራት ቁጥር ታገኛለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ።»

ጭቃውን ጠርጌ አነበብኩለት፤ ሠላሳ ስምንት፣ ዐሥራ ሁለት።

«የዐሥራ ሁለት ነው? እንግዲያ ገና ልጅ ነው» አለ። አምስት ዓመት መሆኑ ነው። እኔም ልጅ ነው አልኩ። ሌሎቹም ተጠባባቂውም ያው ቁጥር ነው ያላቸው።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ነው። ነቢል አባን ለክትትል ወስዶት ነበር። ልቡ ያው ነው፣ እግሩ ግን አብጧል። አንድ ኪኒን ተጨመረ። ጨው ቀንስ ተባለ። አይቀንስም። ጨዉን ከኩሽና እኔ አነሳዋለሁ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

እነ አባባ ቢቂላን እንኳን አደረሳችሁ ልንል ገባን። ይህ ሠፈር ሁሉ እርሻ በነበረበት ጊዜ የአባታቸው መሬት ነበር አሉ፤ አሁን የቀራቸው ይህ ግቢና አባ ናቸው። ሁለቱ ከሰዓት ከሰዓት ካራቫኗን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ በሲልጢኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ ይቆጣል፤ ሲታረቁ በአማርኛ ነው።

እኔ ከልጃቸው ሚስት ጋር ሳወራ የአባ ድምፅ ከውጭ ይሰማኛል። ስለ ጎማው ነው። «ለአንድ ጉዞ ይበቃል» ሲል ሰማሁት። አባባ ቢቂላ አልተከራከሩትም። ሳይከራከሩ የሚያልፉ ሰው አይደሉም።

ለምን አንድ ጉዞ? ሄዶ መመለስ ሁለት ነው። ምናልባት ሄዶ መመለሱን አንድ ብሎ ቆጥሮት ይሆናል። ሰው እንዲህ ይቆጥራል።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ነቢል ከጁምዓ መልስ መጣ። ሻይ አፈላሁለት። በወሬ በወሬ አባ ዘንድሮ ሁለቱንም ብርድ ልብስ፣ የብየዳ መነጽሩንና የእማን ሰዓት ካራቫኗ ውስጥ ማስገባቱን ነገርኩት። ለሳምንት በዓል የብየዳ መነጽር ምን ያደርግለታል ብዬ ሳቅኩ። ነቢል አልሳቀም።

«አልነገረሽም እንዴ?» አለኝ።

አልነገረኝም። ለእሱ ከነገረው ወር ሆኖታል። እዚያው ሊቀር ነው። ካራቫኗን አጎቴ ጓሮ ሊያቆማትና ሊኖርባት ነው።

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ነቢል ሳሪስ አቦ ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ አባን እየመጣ ያየዋል እንጂ ማታ ሲያስል አይሰማውም፤ ይህን ብዬዋለሁ። «እሱ የፈለገውን ነው» አለኝ። እሱ የፈለገውንማ እኔም አውቃለሁ፤ ጨው ነው የሚፈልገው።

አባን አልጠየቅኩትም። ካልነገረኝ አላውቅም ማለት ነው።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፈው።

የእኔ ሥራ ቂሊንጦ ባለው ፋብሪካ ዕቃ ክፍል ከውጭ የሚገባውን ጥሬ ዕቃ መረከብ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ እቀይራለሁ፣ ጊዜው ያለፈበትን እለያለሁ። ጠዋት አዲሷ ልጅ ፀሐይቱ አንድ በርሜል ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ገልብጣው አገኘሁ። «ይህ እኮ የእነሱ ነው፣ ስምንት ዓመት ቀንሺለት» አልኳት፤ አፌን ሳልዘጋ የጎማው ቁጥር ትዝ አለኝ።

ሠላሳ ስምንት፣ ዐሥራ ሁለት።

ጎማው ፈረንጅ አገር ነው የተሠራው። የእኛን ዘመን ከየት ያውቀዋል? የእነሱ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንተኛው ሳምንት፣ የእኛ መስከረም 2005 ነው። አባ ሲገዛው ስምንት ዓመት የሞላው ጎማ ነው የሸጡለት፤ አሁን ዐሥራ ሁለት አልፎታል። ቀኑን ሙሉ ዘመን ስቀይር የምውል ሰው ቤቴ ስደርስ አእምሮዬን ሰርቪስ ውስጥ ጥዬ እወርዳለሁ። አባ በያጅ ነው፣ ዘመን ባይቀይር አይፈረድበትም፤ እኔ ምን ልበል?

ከሥራ መልስ በቀጥታ አባባ ቢቂላ ግቢ ገባሁ። ጎማውን ከጎኑ በአውራ ጣቴ ስጫነው ቆዳው ይከፈታል፤ ቀጫጭን ስንጥቅ ዙሪያውን አለው። ፊት ለፊት ሲያዩት ግን አዲስ ነው። ሾፌሮች ይህን ያውቃሉ፤ ጥርሱ ባያልቅም ከስድስት ዓመት በኋላ ጎማን አያምኑትም፣ ከዐሥር በኋላ ምንም ቢያምር ያወጡታል። እኛ ጥርሱ አልቆ ሊሾ እስኪሆን ነበር የምንጠብቀው። አምና ቡታጅራን ወጥተን ቁልቁለቱ ላይ ቢፈነዳስ? አባ ከውስጥ ተኝቶ ነበር የሄደው።

ደስ አለኝ። ማለቴ በጊዜ ስለደረስኩበት ነው።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

ሥራ ዝግ ነው። ቁርስ ላይ ነገርኩት። ዘንድሮ ካራቫኗ አትሄድም፣ በአውቶቡስ ሄደን በዓሉን ውለን እንመለሳለን አልኩ። እንመለሳለን የሚለውን ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኩት።

አባ ቂጣውን ቆርሶ ያዘው።

«ነቢል ቀስ ብሎ ይነዳል» አለ።

«ቀስ ብሎም ይፈነዳል።»

«ለአንድ ጉዞ ነው እኮ፣ ሐጀራ።»

እንዴት አንድ ብዬ ልጠይቀው ይገባ ነበር። መልሱ አፉ ላይ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ተነስቼ ብርጭቆ አጠብኩ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

አባ ምግብ ቀንሷል። ጨው የሌለው ስለሆነ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ሊሞቅ አልወጣም። አባባ ቢቂላ ሊጠይቁት መጡ፤ ሲወጡ በር ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ጎማው አርጅቷል አልሽ አሉ።»

«አዎ አባባ። እዩት፣ ከጎኑ ተሰነጣጥቋል።»

«አይቼዋለሁ። ያረጀ ጎማ አውልቀው አዲስ ያስሩበታል። ሌላ ምን ያደርጉታል?»

ጊዜ የለኝም አልኩ። ልኩ አይገኝም አልኩ። ዝናቡም ጀምሯል አልኩ። አባባ ቢቂላ ሁሉንም ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

«እኔስ ቢሄድ የምወድ ይመስልሻል?» አሉኝ። «ከማን ጋር ልጣላ ነው?» ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ማንም ጎማ አልፈለገችም እንዳይል ዛሬ ፈልጌያለሁ። ሳሪስ መንገድ ላይ ካለው ጎሚስታ፣ ሉቃስ ከሚባለው ልጅ ቤት ገባሁ። ልኩን ነገርኩት። አይኖርህም አይደል አልኩት።

«እሱማ የሚኒባስ ልክ ነው፣ ሞልቷል» አለኝና አንዱን አንከባሎ አመጣው። ዓመቱን አየሁ፣ በፈረንጅም በእኛም ቆጠርኩት። ገና ከፋብሪካ የወጣ ነው። ጎኑን ተጫንኩት፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ መለስ አለ። ሽታውንም አሸተትኩ። ሉቃስ ምን ሆና ነው እያለ ያየኛል።

ቀለሙን አልወደድኩትም። ሌላ ቦታ አያለሁ ብዬ ወጣሁ።

የጎማ ቀለም ያው ጥቁር ነው። ሰርቪስ የለም፣ በታክሲ ተመለስኩ፣ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር፣ አስቤ አስቤ ራሴን አመመኝ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ነቢል ደወለ። ዘመዶች ቀድመው መውረድ ጀምረዋል። «ጎማውን አገኘሽ?» አለኝ። አላገኘሁም አልኩት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ይህ ገጽ የቆሸሸው በእጄ ነው። ሁለት ጊዜ ታጥቤ አልለቀቀም።

ከዙሁር በኋላ አባን ፈለግኩት፣ ቤት የለም። አባባ ቢቂላ ግቢ ገባሁ። አባ ካራቫኗ ጀርባ ካርቶን አንጥፎ ተንበርክኳል። ባበጠ እግሩ። በአንድ እጁ አሮጌ ካልሲ፣ በሌላው ጥቁር የጫማ ቀለም። ሦስቱን ጎማ ጨርሶ አራተኛውን ይወለውላል፤ ቀለሙን በጣቱ እየዛቀ ስንጥቁ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ በካልሲው ያሻሻል። አባባ ቢቂላ የቀለሙን ክዳን ይዘው ቆመዋል። እኔን ሲያዩ ጋቢያቸው ሥር ደበቁት።

«አባ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

ቀና አለ። አፍንጫው ጫፍ ላይ ጥቁር አለ።

«ትንሽ ወዝ ላገኝለት ብዬ ነው» አለ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አባባ ቢቂላ ሲስቁ አባም ሳቀ፤ ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ የእኔ ሳቅ ሌላ ነገር ሆነ። አባባ ቢቂላ ዶሮዎቹን ላያቸው ብለው ገቡ፤ ዶሮ ካረቡ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል።

ካርቶኑ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ልትቀር ነው አይደል?»

ካልሲውን አጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው።

«በልጅነቴ ነው የወጣሁት» አለ። «ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለአረፋ እሄዳለሁ። በሬው ይታረዳል፣ ሰው ይሞላል፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቁናል፣ ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል። እኔም ጭኜ እመለሳለሁ። ሁሉም ከሄደ በኋላ አገሩ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ ሐጀራ። የተወለድኩበትን አገር በዓል በዓሉን ብቻ ነው የማውቀው። አንድ ተራ ማክሰኞ ላየው እፈልጋለሁ።»

«መድኃኒትህስ?»

«ወራቤ ሐኪም ቤት አለ።»

«እኔስ?»

ይህን ልለው አልነበረም። በጠቆረ እጁ እጄን ያዘውና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። «ስትከለክዪኝ መሄዱን እንዳልተውልሽ ፈርቼ ነው» አለ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ሉቃስ ጋ ሄድኩ። አራቱንም አልኩት፣ ተጠባባቂውንም። «ቀለሙን ወደድሽው?» አለኝ። ያላገጠብኝ መሰለኝ፤ ይገባኛል።

ማታውኑ ነቢል በክሪክ አነሳት። አሮጌዎቹ ከቸርኬው ሲወጡ አንደኛው ከውስጥ ሽቦው ብቅ ብሎ አየን። የጫማ ቀለሙ ግን ያብለጨልጫል። አባ ሽቦውን በጣቱ ነካው። «ለአንድ ጉዞም አይበቃም ነበር» አለው ነቢል።

«ለሁለት የሚበቃ ነው የገዛሁት» አልኩ። አባ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ብሎን እያቀበልኩ ነበር።

ግንቦት 24፣ እሑድ

መንገድ ላይ። ጢያ ላይ ቆመን ሻይ። አባ ዘንድሮ ከፊት ተቀምጧል፣ ከውስጥ አይተኛም ብያለሁ። በየማቆሚያው እወርዳለሁ፣ ጎማውን በእጄ እነካለሁ። ለብ ይላል፣ አይግልም። ነቢል «አራስ አስመሰልሻቸው» ይለኛል። ቡታጅራን ወጣን። ቁልቁለቱን ወረድን። ምንም።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ አረፋ

ትናንት፣ በዋዜማው፣ የሴቶቹ አረፋ ነበር፤ ቅቤ የበዛበት ምግብ ስንሠራ እጄ ቅቤ ብቻ ሆኖ ዋለ። ዛሬ በሬው ታረደ። አባ የራሱን ድርሻ ጨው ነሰነሰበትና ዓይን ዓይኔን እያየ በላ። አላየሁም። የአጎቴ ልጆች ጎማውን ዞረው አይተው «ቀንድ አውጣዋ ጫማ ገዛች» አሉ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ተመለስን። ቤቱ ፀጥ ብሏል፣ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ትናንት ጠዋት መንገዱ ሁሉ መኪና ነበር፤ ከየደጁ ሰው ይጫናል፣ ይሳሳማል። አባ ካራቫኗን አጎቴ እንሰት ጎን አስቆማት። ነቢል በክሪክ አንስቶ ከሥሯ ድንጋይ እንዲያስገባ አዘዘው፤ ክብደቷ ጎማው ላይ እንዳይውል። ከዚያ ራሱ የእንሰት ኮባ ቆርጦ አራቱንም ሸፈናቸው። ፀሐይ እንዳይበላቸው ነው አለ። የሸፈነበት አሸፋፈን፣ ጥግ ጥጉን እየጠቀጠቀ፣ እኛን ትንንሾች ሆነን ብርድ ልብስ የሚያለብሰን ነው የመሰለኝ።

መድኃኒቱን በየቀኑ ለያይቼ አስቀመጥኩለት፣ ለአጎቴ ሚስትም አስረዳኋት። ሲሰናበተኝ ምንም ትልቅ ነገር አልተናገረም። «ስትደርሱ ደውሉ» አለ። ፒክአፑ ምንም ሳይጎትት በጣም ይፈጥናል። ነቢልን ቀስ በል አልኩት።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

በየቀኑ እደውላለሁ። እንዴት ነህ ስለው ደህና ነኝ ብቻ ስለሚል ጎማው እንዴት ነው እለዋለሁ። ስለ ጎማው ግን ብዙ ያወራል። ዛሬ ጠዋት ኮባውን ሊቀይር ራሱ ጓሮ ወርዶ ቆርጦ ተመልሷል። ከጓሮው ወደ ላይ ዳገት ነው። ከወጣ እንግዲህ ትንፋሹ ደህና ነው ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ጎማውን ከሸፈነ የእግሩም እብጠት ጎድሏል።

አባባ ቢቂላ ብቻቸውን ፀሐይ ይሞቃሉ። ካራቫኗ የቆመችበት ሣር ገርጥቶ ቀርቷል።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

እዚህ ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ነው። አባ ዛሬ ቀድሞኝ ደወለ። አባ በራሱ ሒሳብ ደውሎ አያውቅም፤ ምን ሆንክ ብዬ ጮህኩ።

ምንም አልሆነም። ተራ ማክሰኞዎቹን አየ። ደስ ይላሉ አለ። ሰው በጊዜ ይተኛል። የጎረቤት ሁለት በር በየደ። ወራቤ ሄዶ ልቡን ታየ፣ ያው ነው። አጎቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን አይከራከርም፤ ያሉትን ሁሉ እሺ ይላል። አባባ ቢቂላ እንዴት ናቸው አለኝ። ይጠይቁሃል አልኩት። ዝናቡ በእሱም በኩል ይሰማል።

ከዚያ ስለ ጎማው ጀመረ።

«አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እዚህ መጥቶ ነበር» አለ። «ጎማ አዲስም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሳይንከባለል ከቆመ ይደርቃል አለኝ። አልፎ አልፎ ትንሽ መንገድ መሄድ አለበት አለኝ።»

«ምን ያህል መንገድ?»

«እንጃ። እስከ አቃቂ ቢሆን ይበቃው ይመስለኛል።»

ስልኩን ከአፌ አራቅኩት። ስመልሰው «ሄደሽ ነው?» ይለኛል።

«አለሁ» አልኩ። «እውነቱን ነው ሾፌሩ። አዲስ ጎማ እንዲህ ቆሞ መበላሸት የለበትም። ነቢል ቅዳሜ ይመጣና ይቀጥላታል።»

«ለጎማው ብዬ ነው እንጂ እኔ እዚህ ምንም አልጎደለብኝም።»

«አውቃለሁ አባ። ለጎማው ነው።»

የሚያስል መሰለኝ፤ አላሳለም።

«ዓርብ አይመቸውም?» አለኝ።

ለዓርብ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።